የትርንጎ ጀርባ

ድሮ ነው። የዛሬዎቹ ሽማግሌዎች በእናታቸው ጀርባ ሳይታዘሉ፣ መንገዱም መንገድ ሳይባል፣ አጋም በር በምትባል መንደር ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች።

ባሏ ሞቷል። ልጅ የላትም። ርስት የላትም። ያላት ከገበያው መንገድ ዳር አንዲት ቤትና ሁለት እጅ ነው። በሁለት እጇ የሰው ቤት ትመርጋለች። ጭቃ ትረግጣለች፣ ጭድ ትቀላቅላለች፣ ግድግዳ ትለስናለች።

ፈሪም ነበረች። ይህን አትርሱ፤ የጀግና ወሬ እንዳይመስላችሁ። ውሻ ሲጮኽ ትደነግጣለች። ውሻ ዝም ሲልም ትደነግጣለች። ኮቴ በሰማች ቁጥር «ደግሞ ምን አጥፍቼ ይሆን?» ትላለች።

*

የአጋም በር ሰው የሚጠጣው ከአንድ ምንጭ ነው። የአገሩ ሹም፣ ምስለኔ ወንዳፍራሽ፣ የምንጩን ራስ በእሾህ አጠረው። ከአጥሩ ውስጥ የእሱ በቅሎዎች ይጠጣሉ። ከአጥሩ በታች የተረፈውን ሰው ይቀዳል። ሰው ያውቃል። ሰው ዝም ይላል።

በዚያ ክረምት ሕፃናት በተቅማጥ ታመሙ። የሽብሬ ታናሽ ወንድም ሞተ።

ሽብሬ ገና ያላገባች ልጅ ናት። ሸንጎ በተቀመጠ ቀን ከዋርካው ሥር ተነሣችና «ውሃው...» አለች።

«ቁጭ በይ!» አሏት።

በአጋም በር ጢም ያላበቀለ፣ ልጅ ያልወለደ በሸንጎ አይናገርም። ቁጭ አለች።

መስከረም ሲጠባ እኩዮቿን አስከትላ ትርንጎ ደጅ መጣች።

«እማማ ትርንጎ፣ ግድግዳሽን ስጪን።»

«ግድግዳዬን? ወዴት ልትወስዱት?»

«የትም። እዚያው ቆሞ ይናገርልናል። ዝናቡ ልጦታል አይደል? መርገን እንሰጥሻለን።»

«ኧረ ልጆቼ፣ ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ ምንም አይልም» አለች ሽብሬ። «የቸገረን እሱ አይደል?»

ትርንጎ የሞተውን ሕፃን አሰበች። «እሺ» አለች። እሺ ባለችበት አፍ ወዲያው ፈራች።

*

ግድግዳ በአንድ ሰው አይመረግም። ልጆቹ በየደጁ ዞሩ። ሼህ ይማም አህዮቻቸውን ለውሃ ላኩ። አባ መርሻ ከአውድማቸው ጭድ ሰጡ። ሸክላ ሠሪዋ አልጋነሽ፣ ቡዳ ናት እየተባለች መንደር የሚሸሻት፣ ቀይ አፈርና ነጭ አፈር በገል ይዛ መጣች።

ምርጊቱ ገና እርጥብ ሳለ ልጆቹ ጣታቸውን አሾሉ። ያን ጊዜ ትርንጎ ጀርባዋን አዞረች።

«ምን ሆንሽ?» አሉ ሼህ ይማም።

«ነገ ማዪ ብባልስ? ካላየሁ፣ አላየሁም ብዬ እምላለሁ።»

ሼሁ ጥቂት አሰቡና ዞሩ። አባ መርሻም ዞሩ። አልጋነሽ ሳቀች።

«ለኔ ስታዞሩት የኖራችሁት ጀርባ ዛሬስ ሥራ አገኘ!» አለችና እሷም ዞረች።

ልጆቹ ሣሉ። በቅሎ ሣሉ። በቅሎዋ የምስለኔውን ካባ ለብሳ ከምንጩ ትጠጣለች። ከበስተኋላዋ አንዲት ሴት በቅል ትቀዳለች። የምትቀዳው ከምንጩ አይደለም። ከየት እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ።

በገበያው ቀን ሰው ሁሉ በነጠላው አፉን ሸፍኖ ሳቀ። ትርንጎ አልሳቀችም። ከቤት ውስጥ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣ ሳቁ በጭቃው አልፎ ጀርባዋን ሲነካት ትሰማለች።

ገበያው ሲበተን ወጥታ አየችው። ባታየው በተሻላት። የበቅሎዋ ጀርባ ከቀኝ ወደ ግራ ተስቧል፤ የግራ አውራ ጣት ጠልቆ ተጭኗል። ትርንጎ ጭቃ ካስተማረቻቸው የመንደሩ ልጆች ግራኝ አንድ ብቻ ነው። ሽብሬ ናት።

አላየችም። ግን አወቀች።

*

የምስለኔው አሽከር መጣ።

«ማን ሣለው?»

«አላየሁም ጌታዬ።»

«በገዛ ግድግዳሽ ላይ?»

«ጀርባዬን አዙሬ ነበር።»

«ምን እያየሽ?»

«ጎመኔን።»

«እንግዲህ ሰውየውን ካላወጣሽ ቤትሽ ይፈርሳል። ከዚያ ጎመንሽን ሜዳ ላይ ሆነሽ ታዪዋለሽ።»

ትርንጎ ተመልሳ ገባች። ቤቷን አሰበች። ሌላ የላትም። ጭቃ አቦካች፣ ተሸክማ ወጣች፣ ሥዕሉን ልትደፍነው እጇን አነሣች። ከታች ከጥጉ ያላስተዋለችው ትንሽ ነገር ታያት። ሕፃን ነው። ቅል የለውም። እጁን ብቻ ዘርግቷል።

እጇ ወረደ። ባቦካችው ጭቃ ከጓሮ በኩል ያለውን ስንጥቅ ደፈነችበት።

*

አፈርሳታ ተጠራ። ያኔ አፈርሳታ ከተጠራ መንደሩ ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ጥፋተኛው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ፀሐይ ይመታችኋል፣ ላም ሳትታለብ ትውላለች፣ ሕፃን ያለቅሳል።

ምስለኔው ከዋርካው ጥላ ተቀመጠ። አንድ በአንድ አስማለ። ሼህ ይማም ማሉ፤ አላየሁም። አባ መርሻ ማሉ፤ አላየሁም። እውነታቸውን ነው።

ትርንጎ ተጠራች። ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች።

«አብሽሪ እህቴ» አሉ ሼህ ይማም በሹክሹክታ።

«አየሽ?» አለ ምስለኔው።

«አላየሁም ጌታዬ። በማርያም!»

ምስለኔው ሞኝ አልነበረም። ጢሙን ዳበሰ።

«አላየሽም። ታውቂያለሽ ወይ?»

ትርንጎ ሽብሬን እንዳታይ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። አዎ ብትል ልጅቱ ትገረፋለች። አላውቅም ብትል በሐሰት ምላለች። ዝም ብትል ቤቷ ይፈርሳል።

ከዚያ ዞረች። በምስለኔ ፊት፣ በአደባባይ፣ ጀርባዋን ሰጠችው።

«አንቺ ሴት! አብደሻል?»

የነጠላዋ ጫፍ ይርገበገባል፤ ነፋስ ግን አልነበረም።

አልጋነሽ ተነሥታ ዞረች። አባ መርሻ ዞሩ። ሼህ ይማም በከዘራቸው ተደግፈው ዞሩ። ከዚያ ሜዳው ሁሉ ዞረ። ጋቢ ብቻ፣ ነጠላ ብቻ፣ ጀርባ ብቻ። ምስለኔው የማንንም ፊት ማየት አልቻለም።

ከጀርባዎቹ መሐል አንድ ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

«ምንጩን ክፈቱልን። ወንድሜ ሞቷል።»

ሌላ ድምፅ ቀጠለ፤ «እኔም ታምሜ ነበር።» ሌላ ቀጠለ፤ «በቅሎዎቹ ከኛ በታች ይጠጡ።» ልጆች ናቸው። ማን ምን እንዳለ ግን ማንም አላየም።

ምስለኔው አፈርሳታውን በትኖ በቅሎው ላይ ወጣና ሄደ።

*

በማግስቱ የትርንጎን ቤት አፈረሱት። ምስለኔው ቃሉን ጠበቀ። ሥዕሉም አብሮ ፈረሰ። ያን በጋ ትርንጎ አልጋነሽ ቤት ተጠጋች፤ ከአንድ ድስት በሉ። መንደሩ ይህን አይቶ አፈረ። ከገና በኋላ በደቦ ቤቷን መልሶ ሠራላት፤ የአልጋነሽም ደጅ ከዚያ ወዲያ ሰው አጣ አይባልም።

የምንጩ እሾህ ግን ቤቱ በፈረሰ በሳምንቱ ተነሥቶ ተገኘ። ማን እንዳነሣው ምስለኔው የአጥሩን ጠባቂዎች ጠየቀ።

«አላየንም ጌታዬ» አሉ። «ጀርባችንን አዙረን ነበር።»

ትርንጎ እስክትሞት ፈሪ ነበረች። ውሻ ሲጮኽ እንደደነገጠች ኖራ ሞተች።

ዛሬ በአጋም በር ሸንጎ ሲቀመጥ፣ ነገሩ ከመጀመሩ በፊት ከልጆቹ አንዱ «ትርንጎ ትዙር!» ይላል። ያን ጊዜ ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ፊታቸውን ወደ ምንጩ ያዞራሉ። ልጆቹ ይናገራሉ። የተነገረው ይሰማል፤ ተናጋሪው አይጠየቅም። ቆመው ከሚሰሙት አንዳንዶቹ ያለቅሳሉ ይባላል። ያየ ግን የለም።