መግሪብ የሌለው ጾም

የከተማዋን ስም አልጠራም። ብጠራው ከዚያ የመጣ ሰው «የእኛ ሰፈር ነው»፣ «የለም የእነሱ ነው» እያለ ዋናውን ጉዳይ ያስረሳናል። መስጂዷ ከገበያው በላይ ጉብታ ላይ ያለ፣ ከሥሯ ወንዝ የሚያልፍ፣ የጨው ነጋዴዎች የሚያድሩባት አንዲት የድሮ ከተማ ነበረች ብለን እንለፍ።

በዚያች ከተማ ሸይኽ ሙዘይን የሚባሉ ኮርቻ ሰፊ አዛውንት ይኖሩ ነበር። ቀን ቆዳ ይሰፋሉ፣ በረመዷን ማታ ማታ ተራዊሕ ያሰግዳሉ። ሰው በሁለት ነገር ያውቃቸዋል። አንደኛው፣ ከአፋቸው ውሸት ሰምቶ የሚያውቅ ሰው የለም፤ በቀልድም ቢሆን። ሁለተኛው፣ በጾም ወር እንኳ ከሱቃቸው ደጃፍ ውሃ የሞላ ሽክና አይጠፋም። «መንገደኛና በሽተኛ እንዲጾም አላህ አላስጨነቀውም፤ እኔ ማን ነኝና አስጨንቀዋለሁ?» ይላሉ። የከተማው ጎረምሶች በዚህች ሽክና አንጀታቸው ይቃጠል ነበር።

ከሁሉ የበለጠ የሚቃጠለው ተማም ነው። ተማም አባቱ እስኪሞቱ ድረስ ቀኑን በጫትና በወሬ የሚገፋ ልጅ ነበር። አባቱ ሲሞቱ ደነገጠ። ጫቱን ተወ፣ ሶላቱን ያዘ፣ በማለዳ መነሣት ለመደ፣ ምላሱን ከስድብ ጠበቀ። ይህ ሁሉ ማለፊያ ነው፤ ለስንቱ ወጣት የተመኘነው ነው! ችግሩ የመጣው ቤቱን ጠርጎ ሳይጨርስ መጥረጊያውን ይዞ ጎረቤት ቤት ሲገባ ነው። ራሱን ማረም የጀመረ ሰው ከዚህ ፈተና አይድንም፤ ነፍስ የቆሸሸውን ልብሷን ስታወልቅ ሌላውን ልታስወልቅ ትጣደፋለች።

ተማምና ጓደኞቹ ያንን ረመዷን የንጋቱን ምግብ፣ ሱሑርን፣ ሳይበሉ መጾም ጀመሩ። «ሱሑር የሕፃንና የአራስ ነው» ይባባላሉ፤ ማን እንደሚችል ይፎካከራሉ። ሸይኽ ሙዘይን ተማምን በመንገድ ሲያገኙት «ልጄ፣ ሱሑር ብላ፤ በረከት አለበት» ይሉታል። እሱም «እሺ ሸይኽ» ይልና እንዳለፉ ይስቃል።

በዚያ ላይ ደግሞ የቆርቆሮውን ሕግ አመጡ። በጾም ቀን ሲበላ ወይም ሲጠጣ የተገኘ ሰው ከፊት ይሄዳል፤ ከኋላው አንዱ ጎረምሳ የላምባ ቆርቆሮ እየመታ ገበያውን አቋርጦ እስከ መስጂዱ በር ይከተለዋል። ሐሳቡ የተማም ነው፤ መቺውም እሱ። «ሸይኽ ቢሆን፣ የእናቴ ልጅ ቢሆን አልምርም» ብሎ በመስጂዱ ጀመዓ ፊት ተናግሯል። የመስጂዱ አለቃ ሐጂ ሱሩር ነገሩ ባይጥማቸውም «ወጣት ለዲኑ ሲቆረቆር እንዴት ይከለከላል?» ብለው ተዉት።

የመጀመሪያው ይመር ነበር። ይመር የወፍጮ ድንጋይ ጠራቢ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ከጎጆው ጓሮ ቂጣ ሲያላምጥ አገኙት። ቆርቆሮው ተመታበት፤ ልጆች ከኋላ ተከተሉት፤ እሱ አንገቱን ደፍቶ እስከ መስጂዱ ሄደ። በማግስቱ ከነሚስቱ ከተማዋን ለቆ ወጣ። ሸይኽ ሙዘይን ያን ቀን ለተዕዚያ፣ ለቅሶ ለመድረስ፣ ሩቅ አገር ሄደው ነበር። ሲመለሱ ነገሩን ሰሙ። «ታመሃል ወይ ብሎ የጠየቀው አለ?» አሉ። አንድም አልነበረም። ወስፌያቸውን አስቀምጠው አለቀሱ።

ከዚያ በኋላ የመስጂዱ የግቢ አጥር በዝናብ ፈረሰ። ጎረምሶቹ ከወንዝ ድንጋይ ሊያመላልሱ ወጡ። ፀሐዩ የጉድ ነው። ተማም እንደ ልማዱ ትልቁን ድንጋይ መረጠ፤ ሰው እያየው ሲሄድ ትንሽ ድንጋይ መሸከም ሞት ይመስለዋል። ቀኑ እኩል ሲሆን ድንጋዩን ያሰረበት ጠፍር ተበጠሰ። ሌላ ጠፍር ሊለምን ወደ ሸይኽ ሙዘይን ሱቅ ወረደ።

ሱቁ ባዶ መሰለው። ሸይኹ ከተሰቀለው ቆዳ ጀርባ ቁጭ ብለው ይሰፉ ነበር። ተማም ሁለት ጊዜ ሊጣራ ሞከረ፤ ድምፅ ግን ከጉሮሮው አልወጣም። ምላሱ ከላንቃው ተጣብቋል፣ ዓይኑ ጨልሟል። ሽክናዋ ከደጃፉ አጠገብ ናት። ውሃው ጥርት ብሎ ይታየዋል። መቼ እንዳነሣት ራሱም አያውቅም። የሚያውቀው ውሃው በደረቱ ላይ እየፈሰሰ ሲጠጣ ራሱን ማግኘቱን ብቻ ነው።

በዚያው ቅጽበት ከውጭ የጓደኛው ድምፅ ተሰማ፤ «በሱቁ አጥር ቀዳዳ አየሁ! ሽክና ያነሣ እጅ አየሁ!» የሚሮጡ እግሮች መጡ። ተማም ደነዘዘ። ስሙ፣ ከጫት የተመለሰበት ተውባው፣ የታጨችለት ልጅ፣ የእናቱ ኩራት፣ ሁሉም በሩ ላይ ቆሞ ታየው። ከሁሉ በላይ ግን የይመር አንገት ታየው።

ከቆዳው ጀርባ አንድ እጅ ወጣ። ሸይኽ ሙዘይን በጥምጥማቸው ጫፍ አገጩንና ደረቱን ጠረጉለት፤ ሽክናዋን ከእጁ ተቀበሉ። ጎረምሶቹና ሐጂ ሱሩር ሲገቡ ያዩት ይህንን ነው፦ ሸይኹ ግማሽ የጎደለ ሽክና ይዘዋል፤ የጥምጥማቸው ጫፍ ርሷል።

ሐጂ ሱሩር ፊታቸው ጠቆረ። ለሸይኹ መውጫ ሊያበጁላቸው ፈለጉ። «ሸይኻችን፣ አሞዎታል?»

በዚያች ጥያቄ ውስጥ መዳኛቸው ነበረ። አዛውንት ናቸው፤ «አዎ» ቢሉ ማንም አይወቅሳቸውም። ግን እኒህ ሰው በቀልድም አይዋሹም።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።»

«ታዲያ ጠጥተዋል?»

«የጠጣውን አላህ ያውቀዋል።»

ሐጂ ሱሩር ወደ ተማም ዞሩ። «አንተ ከእኛ ቀድመህ ነው የገባኸው። ምን አየህ?»

ተማም አፉን ከፈተ። እውነቱ ምላሱ ላይ ነበር፤ ወላሂ ምላሱ ላይ ነበር። ነገር ግን ራሱን አቀረቀረና ዝም አለ። ዝምታው ምስክር ሆነ።

ከጎረምሶቹ አንዱ ቆርቆሮውን አመጣና ለተማም ሰጠው፤ «ሸይኽም ቢሆን» ያለው እሱ ነዋ! ሐጂ ሱሩር «ተዉ፣ ይቅር» አሉ። ሸይኽ ሙዘይን ግን ጫማቸውን አጥልቀው ወደ በሩ ቀደሙ።

«ለይመር ያልቀረ ለእኔም አይቅር» አሉ።

እንዲህ ሆነና ተማም ከሸይኽ ሙዘይን ኋላ ቆርቆሮ እየመታ ወደ ገበያ ወጣ። ሰው ሁሉ ሥራውን አቆመ። በይመር ጊዜ የሳቁት አልሳቁም። ጨው ሻጮቹ ተነሥተው ቆሙ፤ አንዲት አሮጊት ላለማየት በሻሿ ፊቷን ሸፈነች። ሸይኹ አልቸኮሉም፣ አልዘገዩምም። ለጁምዓ እንደሚሄዱት ሄዱ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ተማም አላህን የሚያወሱበት ዚክር መሰለው። ቀረብ ሲል ሰማ። ቆርቆሮው በተመታ ቁጥር «አላህ ሆይ፣ ተማምን ማረው» ይላሉ። ደግሞ ይመታል፤ ደግሞ «ተማምን ማረው»።

ቆርቆሮው ከተማም እጅ ወድቆ በድንጋዩ ላይ ተንከባለለ። ሰው ሁሉ አየው። ሸይኽ ሙዘይን ዞሩ፤ ጎንበስ ብለው ቆርቆሮውን አነሡና መልሰው አስያዙት። ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «አይዞህ ልጄ፤ መስጂዱ ገና ነው» አሉት።

እኔ ይህን ስሰማ አስብ የነበረው የተማምን ጉልበት ነው። ወንዝ ሙሉ ድንጋይ የተሸከመ ትከሻ ያችን ባዶ ቆርቆሮ እስከ ጉብታው ማድረስ አቃተው።

በዚያው ቀን ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ተማም ሱቃቸው ገብቶ እግራቸው ላይ ወደቀ። አነሡት።

«ልናገር፣ ሸይኽ። አሁኑኑ ሄጄ ልናገር።»

«አላህ የሸፈነልህን አንተ አትግለጥ። የፈታኸውን ቀን ኋላ ጹመህ ቀዷህን አውጣ፤ ሱሑርህንም ብላ። በጥም ነፍስህ ብትወጣ ኖሮ አላህን ምን ልትለው ነበር?»

«ታዲያ በምን ልካስዎት?»

«በእኔና በአንተ መካከል ምንም የለም። አፉ ብዬሃለሁ። ይመር ግን በአንተ ላይ ሐቅ አለው። የት እንዳለ ጠይቀሃል?»

አልጠየቀም ነበር። በማግስቱ ጉዞ ጀመረ። በየገበያው የወፍጮ ድንጋይ ጠራቢ እየጠየቀ ሄዶ በሚስቱ አገር፣ ከቆላው አፋፍ ላይ አገኘው። ይመር ሆዱን ይዞ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ሚስቱ ተማምን ስታየው በበሩ ቆመች፤ እንዲገባ አልፈቀደችም።

«ምን ቀረህ? ቆርቆሮህን ይዘህ መጣህ?» አለችው።

«አፉ በሉኝ ልል ነው የመጣሁት፣ እህቴ።»

ይመር ቀና ብሎ ተመለከተው። ጨጓራው ቆስሎ ባዶ ሆዱን ከዋለ ደም የሚያስመልሰው ሰው ነበር። «ታመሃል ወይ ብትለኝ ኖሮ እነግርህ ነበር» አለ በለሆሳስ። «እኔ ዝም ብዬ የሄድኩት ያን ጥያቄ ስጠብቅ ነው። እስከ መስጂዱ በር ድረስ አንድ ሰው ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅሁ።»

ተማም በሸይኹ ሱቅ የሆነውን ሁሉ ሳይደብቅ ነገረው። ይመር ሸይኹ «ለይመር ያልቀረ» ማለታቸውን ሲሰማ እንባው ወረደ። ሚስቱም ከበሩ ገለል አለች።

የዒድ ዕለት ተማምና ይመር አብረው ወደ ከተማዋ መጡ። የሶላቱ ሜዳ ነጭ ለብሷል። ሐጂ ሱሩር አሰገዱ፤ ሸይኽ ሙዘይን ቆርቆሮው ከተመታባቸው ቀን ጀምሮ እንደሚያደርጉት መጨረሻው ሰልፍ ላይ፣ ከጫማዎቹ አጠገብ ተቀምጠዋል። የዒዱ ስብከት፣ ኹጥባው፣ እንዳለቀ ተማም ተነሥቶ ቀኝ እጁን አነሣ።

«ጀመዓ ሆይ፣ ሽክናዋን ያነሣው እጅ ይህ ነው። የጠጣሁት እኔ ነኝ። ሸይኻችን ከእጄ የተቀበሉኝ እንድሸፈን ብለው ነው። ከኋላቸው የመታሁት እኔ ነበርኩ። ይህም ይመር ነው፤ ታሞ ነበር፤ አልጠየቅነውም።»

ሸይኽ ሙዘይን በሰልፎቹ መካከል አልፈው መጡ። «ልጄ፣ አትግለጥ ብዬህ አልነበረም?»

«ብለውኛል፣ ሸይኽ። በእኔና በአላህ መካከል ያለውን እሱ ይሸፍነው። የእርስዎን ስም ለብሼ ግን እንዴት ዒድ አደርጋለሁ?»

አዛውንቱ በተማም ትከሻ ላይ እጃቸውን አሳረፉ። ከዚያ ይመርን አቅፈው ሳሙት። ሐጂ ሱሩር በሸይኹ ጉልበት ሥር ወደቁ።

«አፉ ይበሉን! በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ያን ሁሉ ቀን… ምነው አንዲት ቃል እንኳ ቢናገሩ?»

«ጾመኛ ነበርኩ» አሉ ሸይኽ ሙዘይን።

ሐጂ ሱሩር ግራ ገባቸው። ሸይኹ ፈገግ ብለው ጨመሩ፤ «ከውሃ የጾምነው ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሲል ይፈታል። ከወንድም ነውር የጾምነው ግን መግሪብ የለውም።»

ሱብሓነላህ! እኛ ጾምን በሆዳችን ስንለካ እኒያ ሰው አፋቸውን ለምን እንደዘጉ ያውቁ ነበር። ወጣቶች ደግሞ እየመጡ «ራሴን እንዴት ልለውጥ?» ይሉኛል። በማለዳ ተነሡ፣ ክፉ ጓደኛ ተዉ፣ ሥራ አትናቁ እላቸዋለሁ፤ ሁሉም ትክክል ነው። ግን ተማምም ይህን ሁሉ ያደርግ ነበር። የጎደለው «ታመሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነበር። ያን የተማረውም በድካሙ ቀን በጥምጥም ጫፍ አገጩን የጠረገለት ሰው ስላገኘ ነው። ሸይኹ በዝምታቸው፣ ልጁም በመናገሩ፣ እያንዳንዳቸው የከበዳቸውን መረጡ።

ቆርቆሮውን ተማም በጠፍር አስሮ ከመስጂዱ የውሃ ጉድጓድ ላይ ሰቀለው። ከሶላት በፊት የሚታጠቡበት የውዱእ ውሃ ሲቀዳበት ኖሮ ዝገት በላው ይባላል። እሱም ሸብቶ እስኪሞት ድረስ በረመዷን ንጋት ከጎረምሶቹ በር እየቆመ ያንኑ ይል ነበር፤ እኔም እሱኑ ብዬ ልሰናበት። ወንድሜ፣ ሱሑርህን ብላ።