የስቅለት ዕለት የጾመችው ድመት

በአንድ ወቅት ነው። በቀረችኝ ዕድሜ እምላለሁ፤ ከዚህ ታሪክ አንዲት ቃል ውሸት ብትሆን አንደበቴ ይታሰር።

ወይዘሮ አስናቁ የሚባሉ አልጋ ላይ የዋሉ እናት ነበሩ። እግራቸው ሥር የምትተኛ ዳማ የምትባል ድመት አለቻቸው፤ ስታንኮራፋ ጎረቤቱ ነጎድጓድ መስሎት ያሰጣውን እህል ያስገባ ነበር። ዳማ የስኳር በሽተኛ ናት። ታላቋ ልጃቸው ይመናሹ ጧት ጧት ታበላትና ስኳር የሚቀንሰውን መርፌ ትወጋታለች።

የስቅለት ዕለት ቤቱ ሁሉ ሲያከፍል፣ ይመናሹ የድመቷንም ሥጋ አስቀረች። «በጌታ ሕማም ቀን ማን ይበላል?» አለች። መርፌውን ግን እንደ ወትሮው ወጋቻት።

ከሰዓት በኋላ ዳማ እንደ ሰካራም ተንገዳገደች፤ ተንቀጠቀጠች፤ ዓይኗ ፈዞ ወደቀች። ጎረቤታቸው አያ ካሰኝ «የአይጥ መርዝ ነው!» ብለው ወተት ሊግቷት አፏን ፈለቀቁ።

ይመናሹ እጃቸውን ያዘች። «ይተዉ አያ፣ ያንቋታል! ሳትበላ ወግቻት ስኳሯ ወርዶ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። ጣፋጭ አምጡ!»

በቤቱ ያለው ጣፋጭ አንድ ገንቦ ማር ነው። እሱንም ሁለተኛው ልጅ ደርቤ እናቱ ቢድኑለት ለገብርኤል ሊያስገባ ተስሏል።

«የስለት ማር ነክተህ እናትህን ልትቀብር ነው?» አሉት አያ ካሰኝ።

«መልአኩ ከኔ ጋር ይተሳሰብ» ብሎ ማሩን በጣቱ ድዷ ላይ ቀባ። ነከሰችው፤ ጣቱን አላነሳም። ዓይኗን ገለጠች፤ ጥቂት ቆይታ ግን ተመልሳ ዘፍ አለች።

ያን ጊዜ የመጨረሻው ልጅ ጓንጉል በጋቢው ጠቅልሏት ወደ እንስሳት ሐኪሙ ሮጠ። ወንዙ እስከ አንገቱ ሞልቷል፤ ድመቷን ከራሱ በላይ ይዞ ተሻገረ። ሐኪሙ በደም ሥሯ ስኳር ሰጣት። «ትንሽ ብትዘገይ ሬሳ ነበር የምታመጣልኝ» አለው።

ዳማ ወደ እናትየው እግር ተመለሰች። የእሳቸው ድምፅ ግን እየሰለለ ነበር።

«ትንፋሼ ለአንድ ምርቃት ነው የሚበቃኝ» አሉ። «ዳማን ያዳነ ይቅረብ።»

«ሕመሙን ያወቅሁት እኔ ነኝ» አለች ይመናሹ።

«ያመጣውስ ማን ሆነና እትዬ?» አለ ደርቤ። «ስለቴን የሰጠሁ እኔ ነኝ።»

«የእማዬን መዳኛ ነው የሰጠኸው ጋሼ!» አለ ጓንጉል። «ሁለታችሁ ቤት ተቀምጣችሁ ውሃ ሊበላኝ የነበረው እኔን።»

እናትየው እጃቸውን አንሥተው፣ የሚያርፍበት ራስ እየጠበቁ ነው። እንግዲህ ፍረዱ፤ ምርቃቱ የማን ነው?

ከመፍረዳችሁ በፊት ግን፣ አንዲት ትንሽ ነገር ከራሴ ጨምሬያለሁ፦ የወንዙን ሙላት። ወሩ ሚያዝያ ስለነበር ወንዙ ቁርጭምጭሚት አያርስም ነበር።