አያ ጅቦ የስልኩ ጌታ የሆነ ዕለት

አንድ ጊዜ፣ የዱር እንስሳት ሁሉ ስልክ በያዙበት ዘመን፣ የስልኬ ጌታ እሆናለሁ ብሎ ስልክ አልባ የሆነ ጅብ ነበር። ስልካችሁን ለጥቂት ደቂቃ አስቀምጡና ታሪኩን ስሙት፤ መልሳችሁ ስታነሱት በሌላ ዓይን ካላያችሁት ጊዜያችን ባከነ በሉ።

ይህ አያ ጅቦ በወንዙ ግራና ቀኝ የሚኖሩ እንስሳት ያቋቋሙት እድር ለፋፊ ነበር። አባል ሲሞት ለሌሎቹ የሚያረዳው እሱ ነው። መጀመሪያ ሲሾም ብዙዎች አጉረምርመዋል። ሚዳቋማ በስብሰባው መሐል ተነስታ፣ «ለቅሶ ሊጠራን ነው ወይስ ምሳ ሊበላ?» ብላ ነበር። ያን ጊዜ ሽማግሌው አባ ኤሊ አንገታቸውን ከድንጋያቸው አወጡና፣ «የሞት ወሬ ከሁላችን ቀድሞ የሚሸተው እሱን ነው። ሥራውን በተፈጥሮው ያውቀዋል። ዋሱ እኔ ነኝ» አሉ። እድሩም ስልክ ገዛለት፤ የአባላቱ ቁጥር በሙሉ ተሞላበት፤ ለቅሶ ቤት የንፍሮው ሳህን መጀመሪያ ወደ እሱ እንዲዞርም ተወሰነለት።

ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ሞላ። የሞላው በሥጋ ፎቶ ነው። አያ ጅቦ ያየውን ቅልጥም፣ ያሸተተውን ጎድን ሁሉ ያነሳል። አንድ ቀን የጉማሬ ታፋ ሊያነሳ ሲል ስልኩ «ቦታ የለም» አለው። ከስልኩ ጋር የመጡትን አፕሊኬሽኖች ላጥፋ አለ። አንዱ እርምጃ ይቆጥራል፣ ሌላው ፊት ያሳምራል፤ ሁለቱም ለጅብ የሚሆኑ አይደሉም። ስልኩ ግን «አይፈቀድም» ሲል መለሰለት።

«የማን ስልክ ሆነና ነው?» አለ አያ ጅቦ እያፈጠጠበት።

ከዚያ የስልክን ሙሉ ሥልጣን ስለመያዝ የሚያስተምር አንድ ቪዲዮ አየ። እስከ ግማሹ። ከዚያ ወዲያ ስለ ስልክ የማያውቅ ሁሉ ያሳዝነው ጀመር።

በማግስቱ ግራር ሥር ስልክ ወደምትጠግነው ቀበሮ ሄደ።

«እመት ቀበሮ፣ ስልኬን ሩት ላደርገው ነው።»

«ሩት ምን እንደሆነ ያውቃሉ፣ አያ ጅቦ?»

«እኔማ አውቃለሁ። አንቺ እንዴት እንደምታስረጂው ልስማ ብዬ ነው።»

ቀበሮ ፈገግታዋን በጅራቷ ሸፈነች። «ስልክዎን የተከራዩት ቤት ነው ብለው ያስቡት። ይተኙበታል፣ ዕቃ ያስገቡበታል፣ ግድግዳው ላይ ፎቶ ይሰቅላሉ። ግድግዳውን ማፍረስ ግን አይችሉም፤ የዚያ ሥልጣን የባለቤቱ ነው። ሩት ማድረግ ማለት የባለቤቱን ቁልፍ መያዝ ነው። ከዚያ በኋላ ‹አይፈቀድም› የሚልዎት የለም። የፈለጉትን ያጠፋሉ።»

«የፈለግሁትን አጠፋለሁ» አለ አያ ጅቦ፣ ምራቁን ዋጥ አድርጎ።

«ይቆዩ፣ አልጨረስኩም። በሩ ሲከፈት ስልኩ ሌባ የገባበት ይመስለውና ውስጡ ያለውን ሁሉ ይጠርጋል። ስለዚህ አስቀድመው የቁጥሮቹን ቅጂ ሌላ ቦታ...»

አያ ጅቦ ግን «ያጠፋሉ» የሚለውን ቃል ከሰማ በኋላ ሌላ ነገር አልሰማም። ሄዷል። ቀበሮ ጮክ ብላ ልትጠራው ትችል ነበር። አልጠራችውም። በቅርቡ ተመልሶ እንደሚመጣ ታውቃለች፤ ያን ጊዜ ደግሞ የምትጠይቀውን ዋጋ ሳይከራከር ይከፍላል።

አያ ጅቦ ከዝንጀሮ ላፕቶፕ ተዋሰ፣ ስልኩን በኬብል አገናኘና ሥራ ጀመረ። ስልኩ ረጅም ማስጠንቀቂያ ጻፈለት። አያ ጅቦ ማስጠንቀቂያ አንብቦ አያውቅም፤ ረጅም ጽሑፍ ሲያይ ጣቱ በራሷ ጊዜ «እሺ» ላይ ትወርዳለች። ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ ባዶ ነበር።

«ሰፋ» አለ አያ ጅቦ። ስፋቱ ከየት እንደመጣ አልጠየቀም።

ሙሉ ሥልጣኑንም ያዘ። እርምጃ ቆጣሪውን አጠፋ። ፊት አሳማሪውን አጠፋ። ጣፈጠው። ከዚያ ስሙን የማያውቀውን ሁሉ ተራ በተራ ያገላብጥ ጀመር። «ይሄ ደግሞ ምን ይሠራል?» ይላል፤ መልሱን ስለማያውቀው ያጠፋዋል። ካጠፋቸው አንዱ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ነገር ሁሉ የሚያሳየው ነበር።

ስልኩ ጨለመ። ከዚያ በራ፣ የፋብሪካውን ምልክት አሳየና ጠፋ። እንደገና በራ፣ ምልክቱን አሳየ፣ ጠፋ።

«እያሰበ ነው» አለ አያ ጅቦ። አጠገቡ ጋደም ብሎ ይጠብቀው ጀመር።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ የአባ ኤሊ ታናሽ ወንድም እያለከለከ ዋሻው ደጅ ደረሰ።

«ወንድሜ ዐረፈ። ገና በጨለማ ነው ከቤት የወጣሁት።»

«ነፍሳቸውን ይማር። ግን ምነው፣ መደወል አይሻልም ነበር?»

«ከመውጣቴ በፊትም ከወጣሁም በኋላ ሲደወልልህ ነበር። አይነሳም» አለ ኤሊው። «ፀሐይ ሳትጠልቅ መቀበር አለበት። ድንኳን የሚተክል የለ፣ አስከሬን የሚሸከም የለ። ሚስቱ ደጅ ደጁን እያየች ነው።»

አያ ጅቦ ስልኩን አየ። አሁንም ያስባል። ዋስ የሆኑለት ሽማግሌ ያለ ቀባሪ ሊቀሩ ነው። እየሮጠ ቀበሮ ዘንድ ሄደ።

«ይድናል» አለች ቀበሮ፣ ስልኩን ገልበጥ አድርጋ አይታ። «ግን ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ዋጋው ደግሞ የንፍሮው ሳህን ከእንግዲህ መጀመሪያ ወደ እኔ መዞሩ ነው። ቁጥሮቹ ግን አይመለሱም። ቅጂ ይዘዋል?»

«ቅጂ ምንድነው?»

«እንግዲያው የቀረዎት ጉሮሮዎ ነው፣ አያ ጅቦ።»

ኮረብታው ላይ ወጣና እንደ ድሮው ጮኸ። ከየቤቱ የተመለሰለት የመቀርቀሪያ ድምፅ ብቻ ነበር። ጅብ ሲጮህ በሩን የሚከፍት ማን አለ? ስለዚህ በየደጁ ሊዞር ወረደና ከአህያ ቤት ጀመረ።

«አያ አህዮ፣ ክፈትልኝ። አባ ኤሊ ዐርፈዋል።»

«ቀጥሎ ደግሞ ውጣና አብረን እንሂድ ልትለኝ ነው» አለ አህያ ከውስጥ።

«አዎ፣ እንደሱ ነበር የምልህ።»

«የአክስቴን ልጅም እንደሱ ብለው ነው የወሰዱት። ለፋፊ ከሆንክ ለምን አትደውልም?»

«ኔትወርክ የለም።»

«የእኔ አለው።»

«ባትሪዬ ዘግቶ ነው።»

«አሁን ደግሞ ባትሪ ሆነ» አለ አህያ፤ ሁለተኛውን መቀርቀሪያ ሲወረውር ተሰማ።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላለች። አያ ጅቦ ደጁ ላይ ቁጭ አለ።

«እሺ፣ እውነቱን ልንገርህ። ስልኩን የገደልኩት እኔ ነኝ። የጉማሬ ታፋ ፎቶ የማስቀምጥበት ቦታ ፈልጌ ሙሉ ሥልጣን ያዝኩ። ቀበሮ ስታስረዳኝ፣ አውቃለሁ ብዬ መሐል ላይ ጥያት ሄድኩ። የሁላችሁም ቁጥር ሲጠፋ ሰፋ ብዬ ተደሰትኩ። እርምጃ ቆጣሪውን ሳጠፋ ጣፈጠኝና ስክሪኑን ጭምር አጠፋሁት። ብልጭ ድርግም ሲል ደግሞ እያሰበ ነው ብዬ አጠገቡ ተኛሁ።»

ከውስጥ የታፈነ ሳቅ ተሰማ።

«እያሰበ ነው አልክ?»

«እንዲያውም እንዳልረብሸው ቀስ ብዬ ነበር የምተነፍሰው።»

አህያ ሳቁን መያዝ አቃተው፤ ማናፋቱ ወንዙን ተሻገረ። መቀርቀሪያው ተነሳ። «ሊበላኝ የመጣ ጅብ ቢሆን ራሱን ጎበዝ አድርጎ ነበር የሚያወራው» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «ይህን ያህል ሞኝነት ፈጥሮ የሚመጣ የለም። ቆይ፣ ነጠላዬን ላምጣ።»

ከዚያ ወዲያ መንገዱ ቀና። አያ ጅቦ በየደጁ ራሱን እያዋረደ ተናገረ፤ በአንዱ ቤት የዘለለውን በሌላው ይጨምራል። የሚዳቋን በር ያስከፈተው ቪዲዮውን እስከ ግማሽ ማየቱን ሲናዘዝ ነበር። ለቀስተኞቹ ተሰብስበው ሲወርዱ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ነበር፤ የኤሊዎቹ ቤት ሊታይ ሲል ፊታቸውን አሻሽተው ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ድንኳኑ ተተከለ፤ አባ ኤሊም ፀሐይ ሳትጠልቅ በወግ ተቀበሩ።

አያ ጅቦ አንገቱን ደፍቶ ወደ ሚስታቸው ቀረበ።

«ዘገየህ» አሉት እመት ኤሊት። «ለኤሊ ቤት ግን ደህና ነው።»

ንፍሮው መጀመሪያ ወደ ቀበሮ ዞረ። አያ ጅቦ ሳህኑን በዓይኑ ሸኘው። ስልኩ ድኖ ሲመለስለት ሥልጣኑን እንደገና ያዘ፤ እርምጃ ቆጣሪውንም አልማረውም። ከየቤቱ እንደገና የተሰበሰበው የአባላቱ ቁጥር ቅጂ ግን አስቀድሞ አህያ ስልክ ላይ ተቀምጧል፤ ማስጠንቀቂያ ሲመጣም ጎረቤት እስኪሰለች ጮክ ብሎ ያነበዋል።

ከዚህ የምንማረው፣ ሙሉ ሥልጣን የያዘን ከራሱ ስህተት የሚጠብቀው ዘበኛ ስለሌለ፣ እናንተም ሂዱና የስልካችሁን ቁልፍ ሞክሩት፣ ግን አስቀድማችሁ ቅጂ ያዙ፣ አስረጂውን እስከ መጨረሻው ስሙ፣ ካበላሻችሁም ኔትወርክ ነው ባትሪ ነው ሳትሉ እኔ ነኝ ማለትን ልመዱ የሚለውን ነው።