ያልደረቀው ወለል

አንድ ገዥ በኮረብታ ላይ አዲስ አዳራሽ አሠራ። ግድግዳው እንደማንኛውም ግድግዳ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ወለሉ ግን ከዳር እስከ ዳር የዋንዛ ጣውላ ነበር። ገዥው ራሱ የተወለደው ወለሉ በእበት በተለቀለቀ ጎጆ ውስጥ ነው። ይህን የሚያውቅ ብዙ ሰው አልነበረም፤ እንዳይታወቅበትም አጥብቆ ይፈራ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ የኋላው ጣጣ ሁሉ የጀመረው ከዚህ ፍርሃት ነው።

ጣውላው ተነጥፎ ሲያልቅ ምን ይቀባ የሚለው ጥያቄ መጣ። አናጺው ቢተው የተልባ ዘይትና የንብ ሰም አቅልጦ አንደኛውን ጥግ በጨርቅ ቀባ። ከሩቅ አገር የመጣ ነጋዴ ደግሞ ሌላኛውን ጥግ ቫርኒሽ ቀባ። የቢተው ጥግ ደብዘዝ ያለ ቡናማ ሆነ። የነጋዴው ጥግ አብረቀረቀ።

«ይኸኛው ፊት ያሳያል» አለ ገዥው፣ ጎንበስ ብሎ ራሱን እያየ።

«ያሳያል ጌታዬ» አለ ቢተው። «ግን ወለል የሚረገጥ ነገር ነው። የእኔ ቢጫር የተጫረውን ቦታ ብቻ መልሶ መቀባት ነው። ቢቆሽሽም በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ማበስ ይበቃዋል። ያኛው አንድ ቦታ ላይ ከተበላሸ ግን ሙሉውን ፍቆ እንደገና መጀመር ነው። የቤቱ ሰው ሲሳቀቅ ይኖራል።»

«ይሳቀቅ!» አለ ገዥው፤ ቫርኒሹንም መረጠ።

ወለሉ ተቀብቶ ባለቀ ዕለት የግቢውን ሰው ሁሉ ሰበሰበ። «እዚህ ወለል ላይ ምልክት ያኖረ እግር ከዚህ ግቢ አይወጣም» አለ፤ ይህን ብሎ ምሳውን ሊበላ ገባ። እግሩ ምን እንደሚደረግ አልተናገረም። ማንም አልጠየቀም። ሳይነገር የቀረውን እያንዳንዱ ሰው በሆዱ ሞላው። አንዱ መጋዝ አሰበ፣ አንዱ ሰንሰለት አሰበ፣ አንዱ ደግሞ ከግቢው ጥግ ያለውን ውሃው የደረቀ ጉድጓድ አሰበ።

ወለሉን እንድታጸዳ የተቀጠረችው የመጀመሪያዋ ሴት አንድ ቀን በአመድ ውሃ አጠበችው። ቫርኒሹ ነጭ እድፍ አወጣ። በማግስቱ ሴትዮዋ አልነበረችም። የት ሄደች ብሎ የጠየቀ የለም፤ ሁሉም ግን ወደ ጉድጓዱ ሰረቅ አድርጎ አየ።

በእሷ ቦታ ይታክቱ የምትባል ሴት ገባች። ይታክቱ ከኮረብታው ሥር፣ ወንዙ ዳር ካለው መንደር የመጣች ናት፤ አሮጊት እናቷን የምትጦረው እሷ ነበረች። ከፊተኛዋ ተምራ ሳሙና አትነካም፣ አመድ አትነካም፣ ባልዲ ወደ አዳራሹ አታስጠጋም። እግሮቿን በጨርቅ ጠቅልላ፣ በሌላ ደረቅ ጨርቅ ስታብስ ትውላለች። የሚገባ ባለጉዳይም ሁሉ ደጃፉ ላይ እግሩን ይጠቀልላል። እየቆየ ባለጉዳዩ ቀነሰ፤ በመጨረሻም ጭራሽ ቀረ። ገዥው ግን «አገሩ ሰላም ሆኗል፤ አቤት የሚል እንኳ የለም» እያለ ደስ ይለው ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ክረምት ነጋዴው ተመልሶ መጣና ሌላ ዙር ቫርኒሽ ደረበበት። «በዝናብ ጊዜ ቶሎ አይደርቅም፤ እስከ ነገ እንዳይረገጥ» ብሎ ሄደ። ገዥው ወለሉ ከመቀባቱ በፊት እንጀራውንና ጠላውን ይዞ ከአዳራሹ ማዶ ባለው እልፍኝ ገብቶ ዘግቶ ነበር። የእልፍኙ መስኮት የሚከፈተው ወደ ገደል ነው፤ በሩም በአዳራሹ በኩል ካልሆነ አይደረስበትም። ይታክቱ የአዳራሹን ደጃፍ እንድትጠብቅ ታዘዘች።

ከቀትር በፊት፣ ከመንደሩ በላይ ወንዙ የተገደበበትን ግድብ የሚጠብቀው ዳምጤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ እየሮጠ ደረሰ።

«እህቴ፣ ግድቡ ተሰንጥቋል! ውሃው መውጣት ጀምሯል። ነጋሪት ይጎሰምና መንደሩ ወደ ኮረብታው ይውጣ!»

ነጋሪቱ ያለ ገዥው ቃል አይጎሰምም። ወደ መንደሩ በእግር ለመውረድ ደግሞ መንገዱ ረጅም ነው፤ ውሃው ይቀድማል።

የይታክቱ እናት ያለችው እዚያ መንደር ውስጥ ነው፤ ይህን እንዳትረሱብኝ። ሆኖም ከይታክቱ አፍ መጀመሪያ የወጣው ቃል «እግርህን ታጠብ» የሚል ነበር።

ዳምጤ ታጠበ። «በጣቶችህ መሀል ጭቃ አለ» አለችው። እንደገና ታጠበ። ቫርኒሹ አለመድረቁ ትዝ ያላት ይኼኔ ነው። ንጹሕ እግርም ቢሆን ምልክት ያኖራል። ሁለቱም ደጃፉ ላይ ቆመው «ጌታዬ! ጌታዬ!» እያሉ ጮኹ። ዝናቡ ግን ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበርና ገዥው አልሰማቸውም።

«አንቺ ግቢ፤ የቤቱ ሰው ነሽ» አላት ዳምጤ።

«አንተ ግባ እንጂ፤ መልእክቱ ያንተ ነው» አለችው።

«አራት ልጆች አሉኝ። እግሬን ካጣሁ በምን ላሳድጋቸው?»

«እኔስ እናቴን በምን ልጡራት?»

ሁለቱም ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ውሃው እንደሚመጣ ያውቃሉ። ነገር ግን ውሃው ሩቅ ነው፣ ወለሉ ደግሞ እፊታቸው ነው፤ ጉድጓዱም ከኋላቸው ይታያቸዋል። ሽሮ ተጥዶ፣ ፈልቶ እስኪወርድ ድረስ እንዲሁ ቆሙ። ይህን ስናገር እኔን ራሴን ይጨንቀኛል።

በመጨረሻ ይታክቱ የእግሯን ጨርቅ ፈታች። ዓይኗን ጨፍና ረገጠች። ውስጥ እግሯን ቫርኒሹ ያዝ፣ ለቀቅ አደረገው። እስከ እልፍኙ በር አሥራ ሰባት እርምጃ ነበር። ደርሳ በሩን በሁለት እጇ ደበደበችው።

ገዥው ሰምቶ አዘዘ፤ ይታክቱ በዚያው ዱካዋ ላይ እየረገጠች ቃሉን ይዛ ተመለሰች፤ ነጋሪቱም ወዲያው ተጎሰመ። ሰው ልጁን አዝሎ፣ ከብቱን እየነዳ ወደ ኮረብታው ሮጠ። አብዛኛው ዳነ። ውሃው ሲደርስ ግን አዛውንቶቹ ገና ዳገቱን መጀመራቸው ነበር። ከመካከላቸው ስድስቱን ወሰደ። የይታክቱ እናት አንዷ ነበረች።

ከሦስት ቀን በኋላ ይታክቱ ጥቁር ለብሳ ወደ ግቢው ተመለሰች። ገዥው ፊት ቆመችና ጫማዋን አወለቀች።

«እግሬን ይዤ መጥቻለሁ ጌታዬ።»

«የምን እግር?»

«ወለሉ ላይ ምልክት ያኖረ እግር ከዚህ ግቢ አይወጣም ብለው ነበር።»

ገዥው ነገሩን ለማስታወስ ትንሽ ጊዜ ወሰደበት። ሲያስታውስ ፊቱ አመድ መሰለ። «እኔ እኮ... እንድትጠነቀቁ ብዬ ነው የተናገርኩት። ምን ላደርግ ነበር? ምንም አላሰብኩም።»

«ከእኔ በፊት የነበረችውስ?»

«ራሷ ጥላ ሄደች። ሰው ልኬ ባፈላልጋትም አጣኋት።»

«እርስዎ ምንም አላሰቡም» አለች። «እኛ ግን በየቀኑ እናስበው ነበር። ዳምጤ ግድቡ ተሰነጠቀ ሲለኝ መጀመሪያ ያሰብኩት እሱን ነው። እናቴን አይደለም።»

ይህን ብላ ጫማዋን አንሥታ በባዶ እግሯ ወጣች። የያዛት የለም።

ገዥው አናጺውን ቢተውን አስጠራ። ቢተው ቫርኒሹን ፍቆ፣ ጣውላውን በተልባ ዘይትና በሰም ቀባው። አሥራ ሰባቱ የእግር ምልክቶች ጋ ሲደርስ መፋቂያውን ይዞ ቆመ። «እነዚህንስ?» አለ። «ተዋቸው» አለ ገዥው። እስከ ዛሬ እዚያው አሉ ይባላል፤ ባለጉዳይ ጭቃ እግሩን ይዞ በአጠገባቸው ያልፋል፤ ጭቃውም በኋላ በጨርቅ ይታበሳል።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። በሰው ላይ ሥልጣን ያለው ሁሉ፣ አባትም ሆነ አለቃ ወይም አስተማሪ፣ በንዴት አንድ ቃል ተናግሮ ምሳውን ሊበላ ይገባል። እሱ ይረሳዋል፤ የሰማው ሰው ግን ይዞት ይኖራል፤ በክፉ ቀንም ደጃፍ ላይ ያቆመዋል። ቤታችሁ እንዲያብረቀርቅ ስትሉ ሰው ሊነግራችሁ የሚገባውን ነገር እንዲፈራ አታድርጉት። የተቆጣችሁትን ቁጣ ዛሬ መለስ ብላችሁ አስቡትና ራሳችሁን ጠይቁ፤ እኔ የረሳሁትን ቃል እየፈራ በዚህ ሰዓት ደጃፌ ላይ የቆመ ሰው ይኖር ይሆን?