ለአሰገደች ማን ይፈርም?

በአንድ ወቅት፣ ሩቅም ባልሆነ ዘመን፣ ልብስ ሰፍታ ሦስት ወንድሞቿን ያሳደገች አሰገደች የምትባል ሴት ነበረች። እናትና አባታቸው ሲሞቱ እሷም ገና ልጅ እግር ነበረች። ትዳር ሲመጣላት «እነዚህን ለማን ጥዬ?» ብላ ሽማግሌዎቹን መለሰቻቸው። ወንድሞቿ «እታለም» ይሏታል። እነሱን ከማመን በቀር ሌላ ሀብት አልነበራትም፤ እኔንም የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

ታላቁ ስንሻው በከተማው ሆስፒታል ራጅ አንሺ ሆነ። መካከለኛው ይግዛው እዚያው ራጅ የሚያነብ ሐኪም ሆነ። ትንሹ ልየው አስተማሪ ነው። ጎረቤቱም «አሰገደች ምን ቸገራት! አንዱ ያነሳላታል፣ አንዱ ያነብላታል» እያለ ይቀልድ ነበር።

አንድ ክረምት ሳል ያዛትና ወደ ስንሻው ሄደች። ስንሻው የጨረርን ነገር ያውቃል። ሲበዛ ያለ ጥቅም ገላን ይጎዳል፤ ከልኩ ሲያንስ ደግሞ ሥዕሉ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። የማያውቀውን በሽተኛ ሁሉ በልኩ ሲያነሳ የኖረ ሰው፣ የገዛ እኅቱ ደረቷን ሰጥታው ስትቆም እጁ ፈራ። ጨረሩን ከልኩ በታች አወረደው። «እታለም፣ ትንፋሽሽን ያዢ» አላት፤ ያዘች። መቀነሱን ግን ለማንም አልነገረም።

ሥዕሉ ይግዛው ዘንድ ሲደርስ አሸዋማ ነበር። «ይደገም» ቢል ነገሩ ባለቀ። ግን የክፍሉ ኃላፊ ስንሻውን «አንድ የተበላሸ ሥዕል ካየሁብህ ከማሽኑ አነሳሃለሁ» ብሎት ነበርና፣ ይግዛው ወንድሙን ማስነወር አልሆነለትም። ሥዕሉን በኮምፒውተር አለሰለሰው። አሸዋው ጠፋ፤ ምስር የምታክል አንዲት ነጥብም አብራ ጠፋች። ነጥቧን አላያትም፤ እንዳትታይ ያደረገው ግን ራሱ ነው። «ሳንባሽ ንጹሕ ነው፤ ብርድ ነው» አላት። አመነችው። ሌላ ማንን ትመን?

ሳሉ አልለቅ አለ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ልየው ተናዶ ወደ ሌላ ከተማ ሆስፒታል ወሰዳት። እዚያ የማያውቃት ባለሙያ ሳይሳሳላት በልኩ አነሳት፤ ሥዕሉም ቁልጭ ብሎ ወጣ። ዕጢ ነው። ሐኪሙ ልየውን ወደ ኮሪደር ጠርቶ «ቶሎ ኦፕራሲዮን ከሆነች ትድናለች፤ እንዳትዘገዩ» አለው። በእኛ አገር ክፉ ወሬ ለታማሚ አይነገርም። ልየውም «ፋሲካን በደስታ ትዋል፣ ከዚያ እነግራታለሁ» ብሎ ከእሷም ከወንድሞቹም ደበቀ። በሽታ ግን ፋሲካ አይጠብቅም።

በዓሉ ሲያልፍ እያለቀሰ ነገራት። ይግዛው ደንግጦ ያልለሰለሰውን የክረምቱን ሥዕል አውጥቶ ቢያየው፣ ነጥቧ በአሸዋው መሐል አለች። ያደረገውን ተናዘዘ። ስንሻውም ከዚያ ወዲያ መደበቅ አልቻለም።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ አሰገደችን የጣሏት ግን ሦስት ናቸው።

ስንሻውን «እኔ ለምወደው ሰው ልብስ ስሰፋ ልኩን አሳንሼ አላውቅም» አለችው። ወደ ይግዛው ዞራ «ለእሱ ስታፍርለት እኔስ እኅትህ አልነበርኩም?» አለች። ልየውን ደግሞ እንዲህ አለችው፦ «ከሁለቱም ያወጣኸኝ አንተ ነበርክ። ያንተ ባሰብኝ።»

የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ የመዳን ተስፋዋ እንዳልተቆረጠ፣ ግን እንደጠበበ ነገራቸው። የጎዳት የመጀመሪያው መዘግየት ይሁን የኋለኛው፣ ማንም ሊለየው አይችልም አለ። ደግሞም አንድ የቅርብ ዘመድ መፈረም አለበት፤ በሰመመን ተኝታ ሳለች ድንገት የሚወሰን ነገር ቢመጣ የሚወስንላት እሱ ነው።

ቀኑ ደረሰ። ሦስቱም ከኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ ቆሙ።

«እኔ ልፈርም» አለ ስንሻው። «ያጠፋሁት ስለሳሳሁልሽ ነው። ከእንግዲህ እጄ አይፈራም።»

«እኔ ልፈርም» አለ ይግዛው። «ሐኪሞቹ የሚሉት የሚገባኝ እኔን ነው። አይቼ የደበቅኩሽ ነገርም የለም።»

«እኔ ልፈርም» አለ ልየው። «ቢዘገይም እውነቱን ያገኘሽው በእኔ ነው።»

አሰገደች በሚገፋው አልጋ ላይ ተጋድማ እስክሪብቶውን ይዛለች። ሌላ ዘመድ የላትም፤ ባልም ልጅም እንዳይኖራት ያደረጉት እነዚሁ ናቸው።

«እናቴ፣ በሩን ልንዘጋ ነው» አለቻት ነርሷ። «የሚፈረመውን ወረቀት ለማን ልስጠው?»

እንግዲህ እናንተ የሰማችሁ ፍረዱ። ሦስቱም ይወዷታል፤ ይህን አልክድም፤ የጎዳትም ይኸው ፍቅራቸው ነው። ሳስቶ ላሳነሰው፣ ወንድሙን ብሎ ለሸፈነው፣ ወይስ አውቆ ዝም ላለው? ዓይኗን ጨፍና ስትተኛ ነፍሷን በማን እጅ ታኑር?