ኮርቻዋ ወርዶ የተመለሰባት ባዝራ

አንድ ሰው ነበረ፤ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ነበረው፤ አንዲትን ባልቴት በደለ። ነገሩ እንዲህ ነው።

በዚያ ሜዳ ግልቢያ የሚጀመረው በጥምቀት ማግስት፣ የሚያበቃው በሚያዝያ ጊዮርጊስ ነበር። በመጨረሻው ቀን ባለፈረሶቹ ሕዝብ ፊት የኮርቻውን ጠፍር ይፈታሉ፤ ሴቶች እልል ይላሉ። ከዚያ እስከ መስቀል ፈረስ ጀርባ ላይ ኮርቻ መጫን ነውር ነው። ክረምቱ የሣር ነው፣ የመተኛት ነው።

ባልቴቷ አንዲት ዳማ ባዝራ ነበረቻት፤ ከሷ ሌላ ሀብት የላትም። ባዝራዋ አራት ዓመት በተከታታይ ስለቀደመች ሰው ለሷ ብሎ ይመጣ ነበር። በአምስተኛው ዓመት ሜዳው ሞልቶ ፈሰሰ። ሰውዬው ይህን አይቶ ልቡ አበጠ። ጠፍሩ ከተፈታ በኋላ ብድግ አለና «ዘንድሮ እስከ ነሐሴ እንቀጥላለን!» አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ማጨብጨብ ምን ያስወጣል? የሚሮጠው ሌላ ነው።

ባልቴቷ «ጌታዬ፣ ኮርቻዋ እኮ ወርዷል» አለችው።

«ታዲያ መልሰሽ ጫኚው! እምቢ ካልሽ ለከርሞ ሜዳዬን እንዳትረግጪ።»

ፈራች፤ መልሳ ጫነች። ሰውዬው ጭቃው ላይ ጭድ አስበተነ። ባዝራዋ በሰኔ አሸነፈች፤ በሐምሌም አሸነፈች። «አላልኩሽም?» እያለ ይስቅባት ነበር።

ጥር መጣ፤ ከበሮው ተመታ፤ ሌሎቹ ፈረሶች ፈተለኩ። ባዝራዋ ቆመች። አልወደቀች፣ አላነከሰች፤ ዝም ብላ ቆመች። ባልቴቷ ሜዳው መሀል ገብታ ጠፍሩን ፈታች። ያን ቀን እልል ያለ የለም። ሰውዬው እየሮጠ መጥቶ «ምን ጎደለባት? ገብሱን ጨምሪላት እንጂ!» አለ።

እንግዲህ ወንድሜ ታረቀኝ፣ «ልጄ ማስተዋል ዘንድሮም አንደኛ ወጥታለች፤ ክረምቱንም አስጠኚ ልቅጠርላት ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ባዝራዋ ልጅህ ናት። አጨብጫቢዎቹ እኛ ጎረቤቶችህ ነን፤ እኔም አለሁበት። አንተ ሰውዬውን ትሁን ባልቴቷን አላውቅም፤ ጠፍሩ ግን ያለው በእጅህ ነው። ባልቴቷ ያን ቀን ለሰውዬው የመለሰችለትን ልንገርህና ልሂድ፦

«ጌታዬ፣ በጋ የምትሮጠው ክረምት ተኝታ ባጠራቀመችው ጉልበት ነበር፤ እሱን በሉባት።»