ቅቤ የጠጣው መክደኛ

አንድ ቅቤ ነጋዴ ነበረ። ስሙ ብዙአየሁ ይባላል። ከገጠር ገበያ ቅቤ እየሰበሰበ ወደ ከተማ የሚያወርድባት አንዲት ፒካፕ መኪና ነበረችው። መንገዱ አቧራ ነው። ቅቤውን በኮባ ቅጠል ቢጠቀልለው፣ በላዩ ሸራ ቢወጥርበት፣ ከተማ ሲደርስ ግማሹ ቀልጦ፣ ግማሹ አፈር ለብሶ ያገኘዋል። ሸራውንም ነፋስ እየገለበ ስንት ጊዜ መንገድ ላይ አስቁሞታል።

ይህ ሰው በቅቤ ያምናል። ራሱን ሲያመው አናቱ ላይ ቅቤ ያደርጋል። በር ሲጮህ ማጠፊያውን ቅቤ ይቀባል። ጫማው ሲደርቅ ቅቤ። የተቀየመው ጎረቤት ሲኖር አንድ ጣሳ ቅቤ ይዞ ይሄዳል፤ ብዙውን ጊዜም ይሳካለታል። «በዚህ ዓለም ቅቤ የማያለሰልሰው ነገር አልተፈጠረም» ይላል። ሚስቱ ወይዘሮ ትጓደድ ደግሞ «አንተን ራስህን መች አለሰለሰህ?» ትለዋለች።

የልጁ የአንዱዓለም ሰርግ ደረሰ። ሙሽራዋ የሻረግ ናት፤ በገበያው መንገድ ላይ የሚኖረው የሸማኔው የአቶ ጥላዬ ልጅ። በዚያ አገር ደንብ ከሰርጉ አስቀድሞ የወንዱ ወገን ጥሎሽ ይዞ ይሄዳል። ቀሚሱ፣ ካባው፣ ጌጡ በሽማግሌ ፊት አንድ በአንድ እየተነሳ ይታያል። ጥሎሽ ሳይታይ ሰርግ የለም። አቧራ የጠጣ ጥሎሽ ይዞ የሄደ ሰው ደግሞ እስከ ልጅ ልጁ ይተረትበታል። ብዙአየሁ ይህን ሲያስብ እንቅልፍ አጣ። በመጨረሻ «ለቅቤውም ለጥሎሹም የሚሆን መክደኛ አስገጥማለሁ» አለ።

ከተማው ውስጥ ወንድይፍራው የሚባል ባለሙያ አለ። መኪና ላይ ዕቃ የሚገጥም፣ ከአፉ ቃል የማይወጣ ሰው። ብዙአየሁ መኪናውን አስረክቦ ዱካ ላይ ተቀመጠና ሲያይ ዋለ። ባለሙያው ዕቃ በሚጫንበት በካሶኒው ግራና ቀኝ ሁለት ሀዲድ አሰረ። ከጋቢናው ጀርባ ረጅም ሳጥን አስቀመጠ፤ መክደኛው እንደ ሱቅ መዝጊያ እየተጠቀለለ የሚገባው እዚያ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ትንሽ ሞተር አለች። ከሞተሯ ሽቦ አውጥቶ በመኪናዋ ሆድ ሥር እያሳለፈ ከባትሪው ጋር አገናኘው። በየማዕዘኑ የዝናብ ውኃ የሚወርድበት ቀጭን ቱቦ አደረገ። ከዚያ ሀዲዱን በክር ለካው። አልወደደውም። ፈታው። እንደገና አሰረው። እንደገና ለካው።

«ቀጥ ብሏል እኮ! ሚዜ ልታደርገው ነው እንዴ?» አለ ብዙአየሁ።

«የፀጉር ያህል ከተጣመመ መንገድ ላይ ይቆማል፣ ጋሼ።»

ሲጨርስ መክደኛውን ከሩቅ የምታዝ፣ በእጅ የምትያዝ ትንሽ ቁልፍ አውጥቶ ተጫነ። መክደኛው ዝዝ እያለ ከሳጥኑ ወጣና ካሶኒውን ከደነ። ደግሞ ተጫነ፤ ዝዝ እያለ ተመለሰ። ብዙአየሁ ቁልፏን ተቀብሎ ሰባት ጊዜ ከፈተ፣ ሰባት ጊዜ ዘጋ። መንገደኛ እየጠራ አሳየ። አንዱ አላፊ «ጣትህ እንዳትያዝ» ቢለው «የኔን ጣት ያውቃታል» ብሎ መለሰለት።

ወንድይፍራው ሀዲዱን በደረቅ ጨርቅ ጠረገና «ጋሼ፣ ይሄ ሀዲድ ቅባት አይወድም። አቧራ ሲገባበት በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት። ሌላ ምንም» አለው።

«ቅባት የማይወድ ብረት የት አገር ነው ያለው?»

«ይሄኛው አይወድም።»

ብዙአየሁ ራሱን ነቀነቀ። በልቡ ግን «ልጅ ነው፤ ያድጋል» አለ።

የጥሎሹ ቀን ሐሙስ ነበረ። ጠዋት ጥሎሹ በሣጥን ሆኖ መኪናው ላይ ተጫነ። ብዙአየሁ መኪናዋን ዞሮ አያት። እንዲህ ያለ ዕቃ፣ ያውም በሰርግ ሰሞን፣ በደረቁ መንገድ ይወጣል? አንጀቱ አልቻለም። ወደ ጓዳ ገባ።

«ለሰርጉ ያስቀመጥኩትን ለጋ ቅቤ ነው የምታነሳው?» አለች ወይዘሮ ትጓደድ።

«ለሰርጉ እኮ ነው።»

«ሰርገኛው መኪናው ነው?»

ጣሳውን ይዞ ወጣ። ሁለቱንም ሀዲድ ከዳር እስከ ዳር፣ በጣቱ እየገፋ፣ አጥግቦ ቀባ። ቁልፏን ሲጫን መክደኛው ድምፅ እንኳ ሳያሰማ ተንሸራቶ ተዘጋ። «አያችሁ!» አለ። ሁሉም አየ። እውነትም ያምር ነበር።

መንገዱ የግማሽ ቀን ነው። ከፊት የሚሄደው አይሱዙ አቧራውን እንደ ጉም ይለቅባቸዋል። ብዙአየሁ ከሚስቱና ከልጁ ጋር ጋቢናው ውስጥ ሆኖ እያንጎራጎረ ሄደ። ጥሎሹ ተከድኗል፤ ምን አሳሰበው?

ሲደርሱ እልልታ ተቀበላቸው። ከሦስት አገር የተሰበሰቡት ሽማግሌዎች ዳሱ ሥር ተደርድረዋል። ምንጣፍ ተነጠፈ። ብዙአየሁ ካባውን አስተካክሎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ሰው ሁሉ እንዲያይ ቁልፏን ወደ ላይ አንሥቶ ተጫነ።

ሞተሯ አቃሰተች። መክደኛው ንቅንቅ አላለም።

ደግሞ ተጫነ። አቃሰተች። ቆመች።

የሙሽራዋ አጎት አለቃ በሪሁን ምላሰኛ ሰው ናቸው። «ብዙአየሁ፣ ጥሎሹ ክዳኑ ነው ወይስ ውስጡ ያለው?» አሉ። ዳሱ ሳቀ። «እንዲህ ከሆነማ እኛም ልጃችንን ከድነን ነው የምንሰጥህ።»

ብዙአየሁ አብሮ ሊስቅ ሞከረ፤ አልመጣለትም። እሑድ ሰርጉ ነው። ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል። ሽማግሌዎቹ ዛሬ ከተበተኑ እስከ እሑድ ተመልሰው አይሰበሰቡም። ጥሎሹ ዛሬ ካልታየ ሰርጉ ከፋሲካ ወዲያ መሻገሩ ነው። የተገዛው በሬ፣ የተጠመቀው ጠላ፣ የተጠራው እንግዳ! ልጁን አየው። የአንዱዓለም ፊት አመድ መስሏል።

«አባባ፣ ለባለሙያው እንደውልለት።»

«ኔትወርክ የለም» አለ ብዙአየሁ ስልኩን ሳያይ።

ያን ጊዜ ሰው ሁሉ መካሪ ሆነ። አንዱ ዘይት ይጨመርበት አለ። አንዱ ሞራ ይሻላል አለ። አንድ ጎረምሳ ዲጅኖ ይዞ መጣና «ልፈንቅለው?» ሲል ብዙአየሁ መኪናው ላይ ተደገፈ፤ ዲጅኖው በርሱ በኩል ካልሆነ አያልፍም። «ትንሽ ቅቤ ብቻ አምጡልኝ» አለ። «ጠግቦ አልተቀባ ይሆናል።»

የሙሽራዋ አባት አቶ ጥላዬ ይህን ሁሉ ተቀምጦ ሲያይ ቆየ። ተነሥቶ መጣ። ጣቱን ወደ ሀዲዱ አስገብቶ አወጣው። ጥቁር፣ እንደ ማረሻ ጭቃ የከበደ ነገር ይዞ ወጣ። አሸተተው።

«ቅቤ ነው» አለ።

«ለጋ ነው» አለ ብዙአየሁ። አሁንም ኩራቱ አልተወውም።

«መዓዛው ይናገራል። ደህና ቅቤ ነው።»

«ታዲያ ምን አጠፋ?»

«አቧራውን በእንግድነት ተቀበለው። የመጣውን ሁሉ ግባ አለው።» አቶ ጥላዬ ጣቱን በሣር ጠረገ። «እኔም ሽመና የጀመርኩ ጊዜ መወርወሪያዬን ቅባት ቀብቼው ነበር። ይደክመዋል ብዬ አዝኜለት። ክሩን ሁሉ አበላሸብኝ። እሱ የሚሮጠው ሲደርቅ ነው።»

ወደ ሚስቱ ዞሮ የሞቀ ውኃና እንዶድ አለ። እንዶዱ ተወቀጠ፤ ውኃው አረፋ አወጣ። አቶ ጥላዬ ከሥራው ቦታ የሸምበቆ ስንጥርና ቁራጭ ሸማ አመጣ። ስንጥሩን ለብዙአየሁ ሰጠው። ብዙአየሁ ካባውን አውልቆ ለልጁ አስያዘና በጉልበቱ ተንበረከከ። ሁለቱ አባቶች፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ ሲያፈስ አንዱ ሲፍቅ፣ ሀዲዱን ያጥቡ ጀመር። በየማዕዘኑ ካለው ቱቦ ጥቁር ውኃ እየተንዠቀዠቀ ወረደ።

«ተመስገን፣ ታለበች» አሉ አለቃ በሪሁን። «ጥጃዋን አምጡላት።»

በዚህኛው ብዙአየሁም ሳቀ። ሴቶቹ ከበሮ አንሥተው ለሚያጥቡት አማቾች ግጥም ይገጥሙላቸው ጀመር። ሀዲዱ በሸማው ደረቀ፣ ፀሐይም አገዘው።

ብዙአየሁ ቁልፏን ተጫነ። መክደኛው አንድ ክንድ ያህል ሄደና ቆመ። አቶ ጥላዬ ጎንበስ ብሎ አንድ ጓል የሚያህል ቅቤ ከጥግ ፈልቅቆ አወጣ፤ ለብዙአየሁ አሳየውና ጣለው። «አሁን።»

ዝዝ አለ። ተከፈተ።

እልልታው ኮረብታውን ተሻገረ። የጥሎሹ ሣጥን ወረደ። ቀሚሱ ተነሣ፤ ካባው ተነሣ፤ ጌጡ በፀሐይ አብረቀረቀ። አንድ ቅንጣት አቧራ የለበትም። ሽማግሌዎቹ «አይተናል፣ ይባረክ» አሉ። በበሩ ስንጥቅ የምታየው የሻረግ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትስቃለች።

ብዙአየሁ እጁን እየታጠበ «በክፋት አይደለም እኮ። ወድጄው ነው የቀባሁት» አለ።

«መች ጠላኸው አልኩ?» አለ አቶ ጥላዬ። «ምን እንደሚስማማው አልጠየቅህም።»

«መኪና ይጠየቃል?»

«የገጠመው ሰው ይጠየቃል። ምንም አላለህም?»

ብዙአየሁ የታጠበ እጁን እንደገና ማጠብ ጀመረ። «ቅባት አይወድም ብሎኝ ነበር» አለ። የሰማው ሁሉ በሳቅ ወደቀ። ከሁሉ በላይ የሳቀች ወይዘሮ ትጓደድ ናት።

ማዕድ ቀረበ። ብዙአየሁ እንደ ልማዱ የቀለጠውን ቅቤ በጭልፋ አንሥቶ ወደ አማቹ ሳህን ዘረጋ። እጁ መንገድ ላይ ቆመ።

«ጥላዬ፣ ላድርግልህ?»

«ሆዴ አይችለውም። ከተውኩት ሃያ ዓመቴ ነው።»

ብዙአየሁ ጭልፋውን መለሰ። ከልጆቹ እጮኝነት ጀምሮ በየገበያው ቀን በዚህ ደጅ ሲያልፍ ሞተሩን ሳያጠፋ አንድ ጣሳ ቅቤ በመስኮት ያቀብል ነበር። ዓመት ሙሉ።

«ያን ሁሉ ቅቤ ታዲያ ምን አደረግኸው?»

«ለጎረቤት ሰጠሁት። ጎረቤቶቼ በጣም ይወዱሃል።»

ብዙአየሁ ሳቁን ሲጨርስ ወደ አማቹ ጠጋ አለ። «አንተስ? አንተ ምን ትወዳለህ?» ሲል በቀስታ ጠየቀው።

አቶ ጥላዬ አሰበ። ይህን የጠየቀው ሰው ከብዙ ጊዜ ወዲህ አልነበረም። «ሥራዬ ብቸኛ ሥራ ነው» አለ። «ስታልፍ አንዳንድ ቀን ወርደህ አጠገቤ ብትቀመጥ፣ ብንጫወት፣ ደስ ይለኛል።»

ሰርጉ እሑድ ሆነ። ከፋሲካ በኋላ በገበያው ቀን በሸማኔው ደጅ አንዲት ፒካፕ ሞተሯን አጥፍታ ቆማ ትታያለች። ከውስጥ የመወርወሪያ ድምፅና የሁለት ሽማግሌዎች ሳቅ ይሰማል።

ወዳጆቼ፣ ክፉ ያሰበብንን ሰው እንጠነቀቀዋለን። የሚወደን ሰው ሳይጠይቀን ያፈሰሰብንን ግን በምን እንከላከላለን? ለኛ የጣፈጠ ለሰው ሁሉ የሚጥም ይመስለናል። ልጃችንን፣ ትዳራችንን፣ ወዳጃችንን በተረፈን ነገር እናጠግባለን፤ ከዚያ ለምን ልባቸው አልከፈት አለ ብለን እናዝናለን። ፍቅር መስጠት ብቻ አይደለም፤ አስቀድሞ መጠየቅ ነው፤ ጠይቆም መልሱን መስማት ነው።

አንተ፣ አንቺስ፣ በጣም የምትወዱትን ሰው «ምን ይስማማሃል?» ብላችሁ የጠየቃችሁት መቼ ነው?